ትንሿ ብሎን

(በመካነ ሰላም አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው። ከኪሴ አውጥቼ ላሳያችሁ። ይህች ብሎን ናት። ውፍረቷ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከትንሿ ጣቴ ትቀጥናለች። መሬት ብትወድቅ ዶሮ እህል መስሏት የምትጭራት ናት። ነገር ግን እንዲህ ያለች ብሎን በመኪና ሞተር ላይ ብዙ አለች። በወፍጮ ሞተር ላይ አለች። በውኃ መሳቢያ ሞተርና በባጃጅ ላይም አለች።

«አንተ መካኒክ ነህ፤ እኛ ገበሬዎች ነን። ብሎን ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ድሮ ቢሆን እውነት አላችሁ። ዛሬ ግን እህላችሁን የሚፈጨው ሞተር ነው። ስንዴያችሁንና ባቄላችሁን ደሴ የሚያደርሰው አይሱዙ ነው። በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በመኪና ነው። ከልጆቻችሁም ባጃጅ የሚነዱ፣ ጋራዥ ገብተው ሙያ የሚማሩ አሉ። ስለዚህ የብሎን ነገር የእናንተም ነገር ሆኗል። ብሎን ደግሞ መላላት ብቻ አይደለም ችግሩ። ከልክ በላይ መጥበቅም ችግር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነው።

ያጠፋሁት ጥፋት

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። እኔ በአንድ ጋራዥ የመካኒክ ረዳት ነበርሁ። ሁለት ዓመት ቁልፍ ሳቀብል ቆይቼ አዋቂ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሲመሽ እህል የጫነ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ፣ «ውኃ ያንጠባጥባል፤ እስኪ እይልኝ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ» አለኝ። ጋቢናው ውስጥ አንድ ሽማግሌና የታመሙ ባለቤታቸው ነበሩ። ሴትዮዋ ለሕክምና ደሴ የሚሄዱ ናቸው። ጋቢ ተከናንበው ያቃስታሉ። ጌታዬ፣ ማለቴ ሥራ የሚያስተምረኝ መካኒክ፣ ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔ ብቻዬን ነኝ።

መብራት ይዤ አየሁ። ከራዲያተሩ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትንሽ የብረት ክዳን አለ። ክዳኑን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ውኃው ጠብ ጠብ የሚለው ከዚያ ነው። «ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው» አልሁ። ቁልፍ አግብቼ አጠበቅሁ። ውኃው አልቆመም። እንደገና አጠበቅሁ። አሁንም አልቆመም። ተናደድሁ። አንድ ክንድ የሚያህል የብረት ቱቦ ፈልጌ በቁልፉ እጀታ ላይ ሰካሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብሁት።

መጀመሪያ ከበደኝ። ቀጥሎ በድንገት ቀለለኝ። «ገባ!» ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው «ቀጭ!» አለ። የብሎኗ ራስ ከነቁልፉ በእጄ ቀረ። የቀረው አካሏ ሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ጠብ ጠብ ይል የነበረው ውኃ ይፈስ ጀመር።

ውኃ የማይዝ ሞተር ዳገት አይወጣም፤ ይቃጠላል። መኪናው ሁለት ቀን ቆመ። የተቀበረውን ስባሪ በመሰርሰሪያ በስተን ለማውጣት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሴትዮዋ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሌላ መኪና ተገኝቶ ሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክመው ድነዋል። ባይድኑ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ ለመናገር ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

ጌታዬ ክዳኑን ሲፈታ ምን እንዳገኘ ታውቃላችሁ? ብሎኖቹ ጤነኞች ነበሩ። ያረጀው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ነበር። ጓርኒሲዮን እንደ ወፍራም ወረቀት ያለ ነገር ነው። ሲያረጅ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ብሎን በማጥበቅ አይድንም። አውጥቶ መለወጥ ብቻ ነው መድኃኒቱ። እኔ በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ ነበር ያደረግሁት።

ያን ሌሊት ሽማግሌው አልሰደቡኝም። እሳት ዳር ተቀምጠው እንዲህ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የገበሬ ልጅ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ምራን አስረህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ሞፈሩንና ቀንበሩን ስታስር እስከምን ድረስ ታጠብቀዋለህ?»

«እስኪይዝ ድረስ።»

«ከያዘ በኋላስ?»

መልስ አጣሁ።

«ከያዘ በኋላ የምትጨምረው ጉልበት ለምራኑ አይደለም፣ ለንዴትህ ነው። ምራኑ ሲበጠስ ደግሞ በሬው ይቆማል» አሉኝ።

እኒያ አባት ብሎን ይዘው አያውቁም። ነገር ግን ስለ ብሎን ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር።

ብሎን የምትይዘው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ብሎን እንደ ችካል ተተክላ የምትይዝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ብሎን ስትጠብቅ ትሳባለች፤ ትረዝማለች። መርዘሟ በዓይን አይታይም፤ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። የተሳበች ብሎን ወደ ቀድሞ ርዝመቷ መመለስ ትፈልጋለች። ያ የመመለስ ፍላጎቷ ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ ያያይዛል። የክራር ጅማት አስቡ። ሲወጠር ድምፅ ይሰጣል። ካልተወጠረ ድምፅ የለውም። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል።

ብሎንም ሦስት ደረጃ አላት።

የመጀመሪያው መላላት ነው። ያልተሳበች ብሎን ብረቱን አትይዝም። የመንገዱ ንዝረት ቀስ በቀስ ይፈታታል። በመጨረሻም ወድቃ ትጠፋለች።

ሁለተኛው ልክ መሆን ነው። በልኩ የተሳበች ብሎን ብትፈታ ወደ ቀድሞ ርዝመቷ ትመለሳለች። ሳትበላሽ ደግማ ታገለግላለች።

ሦስተኛው ከልክ ማለፍ ነው። ከልክ በላይ የተሳበች ብሎን አትመለስም። አካሏ ይቀጥናል። ዛሬ ባትበጠስ ነገ መንገድ ላይ ትበጠሳለች። እኔ ያን ሌሊት «በድንገት ቀለለኝ» ያልኋችሁ ይህ ነው። ብሎኗ እየገባች ሳይሆን እየሞተች ነበር። ስታጠብቁ እየከበደ የመጣው ነገር በድንገት ከቀለላችሁ፣ ደስ አይበላችሁ፤ እጃችሁን አንሡ።

ሌላም ጉዳት አለ። በዛሬ ሞተሮች ላይ ብዙው ክፍል አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከብረት የለሰለሰ ነው። ብሎኗ ጠንካራ ሆና ባትበጠስ እንኳ የገባችበትን ቀዳዳ ጥርስ ልጣ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ የተበላሸው የሳንቲም ብሎን ሳይሆን የብዙ ሺህ ብር ሞተር ነው።

ልኩ ስንት ነው?

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። ቁጥር ማንበብ ተምራችኋል፤ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

የማጥበቅ ኃይል የሚለካው ኒውተን ሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ። አንድ ሜትር የሚሆን በትር አስቡ። የበትሩ አንዱ ጫፍ ብሎኑን ይዟል። በሌላው ጫፍ 1 ኪሎ ሽንኩርት አንጠልጥሉ። ያ ሽንኩርት ብሎኑን የሚያዞርበት ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው።

የተለመደ የብረት ጥንካሬ ላላት ብሎን ልኩ በግምት እንዲህ ነው።

ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር፤ ማለት በአንድ ሜትር በትር ጫፍ 1 ኪሎ።

ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን 25 ኒውተን ሜትር፤ ማለት 2 ኪሎ ተኩል።

ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን 50 ኒውተን ሜትር፤ ማለት 5 ኪሎ።

ለትንሽ መኪና የጎማ ብሎን 100 ኒውተን ሜትር ያህል፤ ማለት 10 ኪሎ።

በትሩ ሲያጥር ኪሎው ይጨምራል። በትሩ ሲረዝም ኪሎው ይቀንሳል። በግማሽ ሜትር በትር፣ ማለት በአንድ ክንድ፣ ለ6 ሚሊ ሜትሯ ብሎን 2 ኪሎ ይበቃታል። እኔ የሰበርኋት ብሎን 8 ሚሊ ሜትር ነበረች። በአንድ ክንድ ቱቦ 5 ኪሎ ይበቃት ነበር። አንድ ጎልማሳ በንዴት ሲስብ 30 ኪሎ ቢስብ ምን ይገርማል? ስድስት እጥፍ ነው። ለአንድ በሬ የስድስት በሬ ጭነት እንደ መጫን ነው።

የቁልፍ ፋብሪካዎች ለትንሽ ብሎን አጭር ቁልፍ የሚሠሩት ብረት ለመቆጠብ አይደለም። እጅ ከልክ እንዳያልፍ ብለው ነው። አጭሩን ቁልፍ በቱቦ ማስረዘም ያን ጥበቃ ማፍረስ ነው።

ይህን ኃይል የሚለካ ቁልፍም አለ። ቶርክ ሬንች ይባላል። የቶርክ ሬንች ፈጣሪ ነው የሚባለው ኮንራድ ባር በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማ የውኃ ሥራ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ነው የሠራው። የቧንቧ ብሎኖች ከልክ በላይ እየጠበቁ ስላስቸገሩት መለኪያ ያለው ቁልፍ አሰበ። ስለዚህ ብሎን በመስበር የታወቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሰው በሁሉም አገር ያው ነው። ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ቁልፍ ቢገዛ ወጪው አይቆጨውም።

ቁጥሩን አንብቡ

ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቁጥር ግን የሁሉም ነው።

በቁልፍ ላይ 10 ተብሎ ተጽፎ ብታዩ የብሎኑ ውፍረት 10 ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የብሎኑን ራስ ስፋት ነው የሚናገረው። 10 ቁልፍ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይፈታል። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በቶዮታና በአይሱዙ ላይ ብዙውን ጊዜ 12 ቁልፍ ይፈልጋል፤ በአውሮፓ መኪና ላይ ደግሞ 13። ይህን ያላወቀ ሰው 10 ቁልፍ ሲይዝ ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚበቃ ኃይል ይሰጣታል። እሷ ግን የ6 ሚሊ ሜትር ደካማ ናት።

በብሎኑ ራስ ላይም ቁጥር አለ። 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ ይጻፋል። ይህ የብረቱ ጥንካሬ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ይጨምራል። 10.9 ከወጣበት ቀዳዳ 8.8 መመለስ አደጋ ነው። በዓይን ሲታዩ ግን አንድ ናቸው።

በዓይን ማመሳሰል ምን እንደሚያመጣ አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልንገራችሁ። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ከበርሚንግሃም ከተማ ተነሥቶ ወደ ስፔን አገር ይበር ነበር። ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ በዋናው አብራሪ ፊት ያለው መስተዋት ተገንጥሎ ሄደ። አየሩ አብራሪውን ስቦ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ አወጣው። የአውሮፕላኑ አስተናጋጆች እግሩን ይዘው ቀሩ። ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈው። ተሳፍረው የነበሩት 87 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ተረፉ። አብራሪውም ተረፈ።

ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። መስተዋቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተለውጦ ነበር። የያዙት 90 ብሎኖች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 84ቱ ከሚገባቸው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ባለ ልክ የቀጠኑ ነበሩ። የቀሩት 6 ደግሞ ያጠሩ ነበሩ። የገጠማቸው ሠራተኛ ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነበር የመረጣቸው። ትክክለኛው ቁጥር በመጽሐፉ ተጽፎ ነበር። ሰውዬው ማንበብ ያውቃል፤ ግን አላነበበም። ማንበብ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በሥራ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

አጠባበቁ እንዲህ ነው

አሁን ሥራውን በተራ ልንገራችሁ። ለመኪናም ለወፍጮ ሞተርም ያገለግላል።

1ኛ. ሞተሩ ይብረድ። በጋለ ሞተር ላይ ብሎን አታጥብቁ። የጋለ ራዲያተር ክዳንም አትክፈቱ፤ ውኃው ፈንጥቆ ፊት ይልጣል።

2ኛ. የብሎኑንና የቀዳዳውን ጥርስ አጽዱ። ብሎን ስታጠብቁ ከምታወጡት ጉልበት አብዛኛው፣ ከ100 እጅ 90 ያህሉ፣ በመፋተግ ያልቃል። ብሎኗን የሚስበው 10 እጅ ያህል ብቻ ነው። ጥርሱ ከዛገ ወይም አቧራ ከያዘ፣ ጉልበታችሁ ሁሉ በመፋተግ ያልቅና ብሎኗ ሳትጠብቅ የጠበቀች ትመስላችኋለች። ዘይት ከተቀባች ደግሞ በተቃራኒው ነው። መፋተጉ ስለሚቀንስ በያው ጉልበት ከልክ ታልፋለች። ስለዚህ መጽሐፉ ቅቡ ካላለ ዘይት አትቀቡ። የጎማ ብሎንም እንዲሁ ነው።

3ኛ. በጣት ጀምሩ። ቁልፍ ከመያዛችሁ በፊት ብሎኑን በጣታችሁ ሦስት አራት ጊዜ አዙሩ። ካልገባ አታስገድዱት። ጥርሱ ሳይገናኝ በጎን ሊገባ ይችላል። ወደ ኋላ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ጥርሱ ከጥርሱ ሲገጥም ትንሽ «ቀጭ» ሲል ይሰማችኋል። ያን ጊዜ ወደፊት አዙሩ።

4ኛ. ሁሉንም ብሎኖች በጣት አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ክዳኑ ወደ አንድ ወገን ይዘማል።

5ኛ. በመስቀለኛ አጥብቁ። አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ በትይዩ ያለውን አጥብቁ። ረጅም ክዳን ከሆነ ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ። በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር አድርጉት። ጭነት በአህያ ላይ ስታስሩ አንዱን ወገን ብቻ አታጠብቁም። ይህም እንደዚያው ነው።

6ኛ. ለትንሽ ብሎን ቁልፉን ከራሱ አጠገብ ያዙ፤ ከጫፉ አትያዙ። በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ ሳቡ። ቁልፉ ብሎኑን ዙሪያውን የሚይዝ ቢሆን ይሻላል። በሁለት ወገን ብቻ የሚይዘው የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል።

7ኛ. ከያዘ በኋላ አቁሙ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ፈትታችሁ ጓርኒሲዮኑን እዩ። ጉልበት አትጨምሩ።

8ኛ. ተመልሳችሁ እዩ። ጎማ ከተለወጠ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ብሎኖቹ እንደገና ይታዩ። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሹፌር ይህን ሳያደርግ ቁልቁለቱን አይጀምር። ተሳፋሪም ቢሆን፣ «ጎማውን አይተኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ወገኖቼ፣

ስለ ወፍጮ ቤት አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። የወፍጮው ሞተር ዘይት ሲያፈስ ወጣቶቹ ቱቦ ፍለጋ ሲሮጡ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት እናቶች እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ብሎኗ ከተሰበረች ወፍጮው ይቆማል። እናቶችም እህሉን አዝለው ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ፤ ወይም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የተሰበረች ብሎን ግን ተለቅማ እንኳ አትገኝም።

እናንተ ስለ ማጥበቅ አዲስ አይደላችሁም። ምራን ታስራላችሁ። ጭነት ትጭናላችሁ። የቤት ምሰሶ በጠፍር ታስራላችሁ። እጃችሁ ልኩን ያውቃል። ቁጥር ማንበብን ደግሞ አሁን ጨመራችሁበት። ልጆቻችሁ ቁልፍ ይዘው ስታዩ እኔን ሽማግሌው እንደ ጠየቁኝ ጠይቋቸው። «ከያዘ በኋላስ?» በሏቸው።



ጥያቄዎች

1. ተናጋሪው ያጠበቃት ብሎን ለምን ተሰበረች? ውኃው ያንጠባጥብ የነበረው በምን ምክንያት ነው?

2. ስናጠብቅ በድንገት ቢቀለን ምን ማለት ነው? ምን ማድረግ አለብን?

3. በአካባቢያችሁ ካለ የወፍጮ ሞተር ወይም መኪና ላይ አንድ ብሎን ተመልከቱ። በራሱ ላይ ምን ቁጥር ተጽፏል? በቁልፉስ ላይ?

4. በእርሻ ሥራ ላይ ከልክ በላይ ቢጠብቅ የሚበላሽ ምን ነገር ታውቃላችሁ? ተወያዩበት።